«አቤት» የማይሉ ስሞች

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሞቱ ይነገራል። የእድር ጥሩምባ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩን ያነቃዋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሟቹ በሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ሽማግሎች ተመካክረው ማልደው ከበር ላይ ይቆሙና መርዶውን ያረዳሉ። ሬሳው ባይገኝም እንኳ ዘመድ አልቅሶ እርሙን ያወጣል፤ አርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱ በየተራው ይታሰባል። ልማድ ሆኖብን ብዙ ጊዜ ትርጉሙን አናስተውለውም።

ዳሩ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ይህን ያስቡ። መርዶ የሚከለክል መንግሥት ቢነሣ ምን ይሆናል? አባት በሌሊት ከቤቱ ተወስዶ በጥይት ከተገደለ በኋላ፥ ሚስቱና ልጆቹ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈው ሲጠይቁ፥ «አሥር ዓመት ተፈርዶበታል፤ ደብዳቤ መጻጻፍ አይፈቀድለትም» የሚል መልስ ቢሰጣቸው፥ ልቅሶው መቼ ይለቀሳል? እርሙስ መቼ ይወጣል?

ይህ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነገር አይደለም። በሶቪዬት ኅብረት፥ በስታሊን ዘመን፥ በብዙ መቶ ሺህ ቤቶች ላይ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚናገረው ስለ ግድያው ብቻ ሳይሆን ከግድያው በኋላ ስለ መጣው ረጅም ትግል ነው፤ ይኸውም ሕያዋን የሙታናቸውን ስም ከመንግሥት መዝገብ አውጥተው በአደባባይ ለመጥራት ያደረጉት ትግል ነው። ነገሩ ከእኛ አገር ጋር የሚገናኝበት መንገድም አለውና በሩቁ አይዩት። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞት በድልድል

በ1937 ጁላይ 30 ቀን የሶቪዬት የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳር የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ ቁጥሩ 00447 የሆነ ምስጢራዊ ትእዛዝ ፈረመ፤ በማግሥቱም የኮሚኒስት ፓርቲው ፖሊት ቢሮ አጸደቀው። ትእዛዙ «ፀረ ሶቪዬት» የተባሉ ሰዎች ሁሉ ተለቅመው እንዲያዙ የሚል ነበር። የሚያስደነግጠው ግን አሠራሩ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ስንት ሰው በ«አንደኛ ምድብ»፥ ስንት ሰው በ«ሁለተኛ ምድብ» እንደሚገባ በሞስኮ አስቀድሞ ተደልድሎ ነበር። አንደኛው ምድብ ማለት በጥይት መገደል ነው፤ ሁለተኛው ምድብ ከ8 እስከ 10 ዓመት በካምፕ ወይም በወህኒ መታሰር ነው። እንግዲህ ሰው ሳይያዝ፥ ወንጀሉ ሳይታወቅ፥ የሟቾቹ ቁጥር አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። ግብር በየወረዳው እንደሚደለደል ሁሉ ሞት ተደለደለ።

በመጀመሪያው ድልድል ለአንደኛው ምድብ የተመደበው ቁጥር ወደ 76 ሺህ ይጠጋ ነበር። ነገር ግን የየአውራጃው ሹማምንት ለአለቆቻቸው ትጉህ መስለው ለመታየት፥ ወይም ራሳቸው እንዳይጠረጠሩ በመፍራት፥ «ቁጥራችን ይጨመርልን» እያሉ ወደ ሞስኮ ጻፉ፤ ሞስኮም ጨመረችላቸው። ፍርዱን የሚሰጡት ትሮይካ የሚባሉ ሦስት ሰዎች፥ ይኸውም የጸጥታው ሹም፥ የፓርቲው ጸሐፊና ዓቃቤ ሕጉ ነበሩ። ተከሳሹ በፊታቸው አይቀርብም፤ ጠበቃ የለውም፤ ይግባኝ የለውም። በአንድ ስብሰባ የብዙ መቶ ሰው ጉዳይ ይወሰን ነበር። መንግሥቱ ራሱ በያዘው መዝገብ መሠረት በ1937ና በ1938 በፖለቲካ ክስ በጥይት የተገደሉት 681,692 ሰዎች ናቸው። ይህ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከ1930 እስከ 1953 ድረስ በነበሩት ዓመታት ወደ 18 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ጉላግ በተባለው የካምፕና የእስራት ሥርዓት ውስጥ አልፏል። በ1944 እንደ ቼቼኖችና እንደ ክራይሚያ ታታሮች ያሉ ሕዝቦች በሙሉ ከአገራቸው ተነቅለው በባቡር ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዙ።

እርስዎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ የሚከተለውን በተለይ ልብ ይበሉት። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በወረቀት ነው። ስሙን በታይፕ የመታ ጸሐፊ ነበር፤ ዶሴውን ቁጥር ሰጥቶ ያስገባ መዝገብ ያዥ ነበር፤ የእስረኛውን ፎቶግራፍ ያነሣ ሠራተኛ ነበር፤ «ፍርዱ ተፈጽሟል» በሚለው ቁራጭ ወረቀት ላይ የፈረመ ሹም ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠመንጃ አልጨበጡም። እያንዳንዱ የቀረበለትን ወረቀት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አሳለፈ፤ ማታም ወደ ቤቱ ገባ። ዬዦቭ እንኳ ሳይቀር በ1939 ታስሮ በ1940 በዚያው በለመደው መንገድ ተገደለ፤ ወረቀቱ ፈራሚውንም አልማረውም።

ከሞስኮ በስተ ደቡብ ቡቶቮ የሚባል ሜዳ አለ። ከ1937 ኦገስት 8 ቀን እስከ 1938 ኦክቶበር 19 ቀን ድረስ በዚህ አንድ ሜዳ ላይ ከ20,700 የሚበልጡ ሰዎች ተገድለው በረጃጅም ጉድጓዶች ተቀበሩ። ገበሬ፥ አናጢ፥ መምህር፥ ቄስ፥ የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድነት ነው የወደቁት። ከእነርሱ አንዱ ሜትሮፖሊታን ሴራፊም ቺቻጎቭ የተባሉ የኦርቶዶክስ አባት ነበሩ፤ ሲገደሉ የ81 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። የሰማንያ አንድ ዓመት መነኩሴ ለአንድ ታላቅ መንግሥት ምን ያህል ያሰጋ ይሆን?

ጤፋችንን ያጠና ሰው

ከእነዚያ ሙታን መካከል እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው የሚገባን አንድ ስም አለ፤ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል። ይህ ሩስያዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1919 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፥ ማለት በ1927፥ በጂቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ ፊት ቀርቦ ተነጋግሯል። ከዚያም በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን እየተጓዘ የስንዴውን፥ የገብሱን፥ የጤፉን ዘር ከየገበያውና ከየማሳው ሰበሰበ። በኋላም ኢትዮጵያ የሰው ልጅ የሚመገባቸው ሰብሎች ከተገኙባቸው የዓለም ታላላቅ ማእከሎች አንዷ መሆኗን ለዓለም ሊቃውንት አስረዳ። ገበሬዎቻችን በሺህ ዓመታት ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት የሠሩትን ሥራ በሳይንስ ቋንቋ ከመሰከሩልን ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ቫቪሎቭ በሌኒንግራድ ያቋቋመው የዘር ስብስብ በዘመኑ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ነገር ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል፥ የዘር ውርስን ሳይንስ የሚክድ ሰው በስታሊን ዘንድ ተወደደ፤ እውነተኛው ሊቅ እንደ ጠላት ተቆጠረ። በ1940 ኦገስት 6 ቀን ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን ዕፀዋት ሲሰበስብ ተያዘ። «ሰላይ ነህ፤ የአገሪቱን እርሻ አበላሽተሃል» ተብሎ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። በ1943 ጃንዋሪ 26 ቀን በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ውስጥ ከረኃብ በመጣ ድካም ሞተ። የዓለምን ሕዝብ ከረኃብ ለማዳን ዕድሜውን ሁሉ ዘር ሲለቅም የኖረው ሰው በረኃብ ሞተ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ሚስቱና ልጁ በጦርነቱ ምክንያት ከሌኒንግራድ ሸሽተው የተቀመጡት በዚያችው በሳራቶቭ ከተማ ነበር። እርሱ ከእነርሱ ጥቂት መንገድ ርቆ በወህኒ ሲሞት፥ እነርሱ በሞስኮ የታሰረ መስሏቸው ስንቁን ወደ ሞስኮ ይልኩ ነበር። መርዶ የከለከለ መንግሥት የሚሠራው ሥራ ይህን ይመስላል። በሌኒንግራድ ደግሞ ከተማዋ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ አያሌ ባልደረቦቹ በዘር ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው፥ ከዘሩ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ በረኃብ አለቁ። ቫቪሎቭ በ1955 «ጥፋት የለበትም» ተባለ፤ ያ የዘር ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሳራቶቭ መቃብር ሐውልት ቆሞለታል፤ የተቀበረው ግን ከሌሎች እስረኞች ጋር በጅምላ ስለ ነበር ትክክለኛ ቦታው አይታወቅም።

የውሸት መርዶ

ስታሊን በ1953 ሞተ። በ1956 ፌብሩዋሪ 25 ቀን ኒኪታ ክሩሽቾቭ በፓርቲው ጉባኤ ላይ በዝግ ስብሰባ የስታሊንን ግፍ ተናገረ። እስረኞች ከካምፕ ይመለሱ ጀመር፤ የብዙ ሙታን ስምም በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ። ነገር ግን መንግሥቱ ያን ጊዜም እውነቱን በሙሉ ለመናገር አልደፈረም። ለቤተ ሰቦች የተሰጠው የሞት ምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ ውሸት ነበር። በ1937 በጥይት የተገደለው ሰው በ1942 ወይም በ1943 በሳንባ ምች ወይም በልብ ድካም እንደ ሞተ ተደርጎ ይጻፍ ነበር። ብዙ ሰው በሞተበት በጦርነቱ ዘመን መካከል ሬሳውን ደበቁት ማለት ይቻላል። ልጆቹ ለሠላሳ ዓመት ያህል በተሳሳተ ቀን ሙት ዓመት ሲያስቡ ኖሩ። ትክክለኛው ቀንና ትክክለኛው ምክንያት ለቤተ ሰብ መነገር የጀመረው በ1980ዎቹ ማለቂያ ላይ ነው።

መንግሥት ዝም ባለበት ዘመን መታሰቢያውን የያዘው የሰው ልብ ነበር። ባለቅኔዋ አና አኽማቶቫ ልጇ በታሰረ ጊዜ በሌኒንግራድ ወህኒ ቤት ደጃፍ ከሌሎች ሴቶች ጋር 17 ወር ተሰልፋለች። ስለዚያ ሰልፍ የጻፈችውን «ረኩዬም» የተባለ ግጥም በወረቀት ማስቀመጥ ስለሚያስገድል፥ የታመኑ ወዳጆቿ በቃላቸው አጥንተው ያዙት። በአገሯ የታተመው በ1987፥ እርሷ ከሞተች ከ21 ዓመት በኋላ ነው።

መታሰቢያ ቀኑንም ቢሆን የደነገገው በመጀመሪያ መንግሥት አይደለም። በ1974 ኦክቶበር 30 ቀን በሞርዶቪያና በፔርም ካምፖች የነበሩ የፖለቲካ እስረኞች ምግብ አንበላም ብለው ቀኑን «የፖለቲካ እስረኛ ቀን» አሉት። በዚያው ቀን የሳይንስ ሊቁ አንድሬይ ሳኻሮቭ በሞስኮ ቤቱ ውስጥ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ነገሩን ለዓለም አሰማ። ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1991፥ የሩስያ ምክር ቤት ያንኑ ቀን የፖለቲካ ጭቆና ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን አድርጎ በሕግ ደነገገ። እስረኞች በባዶ ሆዳቸው የጀመሩት ቀን የመንግሥት ቀን ሆነ።

ድንጋዩና ስሙ

በሞስኮ ከተማ ሉቢያንካ የሚባል አደባባይ አለ። የጸጥታው ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ከዳር ቆሞ ይታያል፤ የዚያ ፖሊስ መሥራች የፌሊክስ ዠርዢንስኪ ሐውልትም በመካከሉ ቆሞ ነበር። በ1990 ኦክቶበር 30 ቀን «ሜሞሪያል» የተባለው የዜጎች ማኅበር አንድ ትልቅ ድንጋይ አምጥቶ በዚያ አደባባይ ዳር አኖረ። ድንጋዩ የመጣው ከሶሎቭኪ ደሴቶች ነው፤ ሶሎቭኪ ከሶቪዬት ታላላቅ ካምፖች የመጀመሪያው የተቋቋመበት፥ ቀድሞ ገዳም የነበረ ቦታ ነው። ያልተጠረበ፥ ያልተዋበ ድንጋይ ነው። አሥር ወር ያህል የአሳሪው ሐውልትና የታሳሪው ድንጋይ በአንድ አደባባይ ተፋጠው ቆዩ። በ1991 ኦገስት የዠርዢንስኪ ሐውልት በክሬን ተነሣ፤ ድንጋዩ ግን በስፍራው ቀረ።

ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 29 ቀን በዚህ ድንጋይ አጠገብ አንድ ሥርዓት ይፈጸም ነበር። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ሰው ሻማ ይዞ ይሰለፋል። በብርድ ውስጥ ሰዓታት ቆሞ ተራው ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ከተሰጠው ቁራጭ ወረቀት ላይ የጥቂት ሙታን ስም ያነባል፤ ከስሙ ጋር ዕድሜውን፥ ሥራውንና የተገደለበትን ቀን ይናገራል። የራሱ ሰው የሞተበትም «አያቴም» ብሎ ይጨምራል። ሥርዓቱ «የስሞች መመለስ» ይባላል። በሞስኮ ከተማ ብቻ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተገደሉት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ስለ ሆኑ፥ በአንድ ቀን ተነብቦ የሚያልቅ ዝርዝር አልነበረም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝና ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የክፍሌ ደብተር ነው። ማለዳ ስም ስጠራ እያንዳንዱ ተማሪ «አቤት!» ይላል። ስሙ ተጠርቶ ዝም ሲል ሁሉም ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር ያያል። በሉቢያንካ የሚደረገውም ይኸው ነው። «አቤት» የሚል የለም፤ ነገር ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር የቆመው ሕዝብ ሁሉ ባዶውን ወንበር ያያል። 681,692 የሚለው ቁጥር የማያሳየን ይህን ወንበር ነው።

በ2014 ደግሞ «የመጨረሻው አድራሻ» የተባለ ሥራ ተጀመረ። ሰውየው ተይዞ በወጣበት ቤት ግድግዳ ላይ 11 በ19 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትሰካለች። «እዚህ ይኖር ነበር» ትልና ስሙን፥ ሥራውን፥ የተወለደበትን፥ የተያዘበትንና የተገደለበትን ጊዜ፥ በኋላም ንጹሕ የተባለበትን ዓመት ትዘረዝራለች። በጎኗ ፎቶግራፍ መኖር በሚገባው ስፍራ ባዶ አራት ማእዘን ቀዳዳ አለ።

ያ የሞት ወረቀት በስተኋላ ምን እንዳደረገ ልብ ይበሉ። ገዳዮቹ ሁሉን ጽፈው ስለ ነበር ሙታኑ የተገኙት በዚያው ጽሑፍ ነው። የቡቶቮ ሟቾች ስም የታወቀው ፍርዱ መፈጸሙን የሚመሰክሩት ወረቀቶች ከመዝገብ ቤት በወጡ ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያ ሜዳ ስማቸው በድንጋይ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይነበባል። በካሬሊያ ጫካ ሳንዳርሞኽ የሚባለው የጅምላ መቃብርም በ1997 የተገኘው እንዲሁ ነው። ከሶሎቭኪ የመጡትን 1,111 እስረኞች ያስገደለው ሚኻይል ማትቬዬቭ በኋላ ራሱ ተከሶ ነበርና፥ ያን ጊዜ የሰጠው ቃል በዶሴ ተቀምጦ ቦታውን ጠቆመ። ዩሪ ድሚትሪዬቭ የተባለ የካሬሊያ ተመራማሪና ሁለት የሜሞሪያል ባልደረቦች ዶሴውን ይዘው ጫካውን ፈልገው ጉድጓዶቹን አገኙ።

መታሰቢያ የማይጸናበት ጊዜ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አላለቀም። በ2017 ኦክቶበር 30 ቀን ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን «የኀዘን ግድግዳ» የተባለውን ትልቅ ሐውልት በሞስኮ መረቁ። ነገር ግን ሐውልቱ በተመረቀ ጊዜ ድሚትሪዬቭ ታስሮ ነበር። ወዳጆቹ ሐሰት ነው በሚሉት የነውር ክስ ተይዞ፥ አንድ ጊዜ በዋናው ክስ ነጻ ከተባለ በኋላ እንደ ገና ተከሶ፥ በ2021 ዲሴምበር 15 ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን የሩስያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድንጋዩን ያመጣውን፥ ስሞቹን ያስነበበውን የሜሞሪያልን ማኅበር እንዲፈርስ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ2022፥ ሜሞሪያል ከአንድ የቤላሩስ ታጋይና ከአንድ የዩክሬን ድርጅት ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈለ። በ2024 ኖቬምበር የሞስኮው የጉላግ ታሪክ ሙዚዬም «የእሳት አደጋ መከላከያው አይበቃም» ተብሎ ተዘጋ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰኩት ትንንሽ ሰሌዳዎችም በሌሊት ተነቅለው የጠፉ አሉ።

ከ2020 ጀምሮ በድንጋዩ አጠገብ ተሰብስቦ ስም ማንበብ ተከለከለ። መጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት የኮሮና ወረርሽኝ ነበር፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ፈቃዱ አልተመለሰም። ስሙ ግን መጠራቱን አላቆመም። በኢንተርኔት ይነበባል፤ ሩስያውያን በተሰደዱባቸው በየከተማው ይነበባል፤ በሞስኮም ሰው አንድ በአንድ እየመጣ አበባ አኑሮ ይሄዳል።

«የእኛ ሙታን መች አነሱንና የሩስያን ሙታን እናስታውሳለን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ተማሪዎቼም ይህን ጠይቀውኛል። መልሱ ቅርብ ነው። በ1969ና በ1970 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ደርግ በወጣቱ ላይ ያካሄደው «ቀይ ሽብር» ስሙ ሳይቀር ቦልሸቪኮች በ1918 ካወጁት ጋር አንድ ነው። እኛም አገር ለብዙ እናቶች መርዶ ተከልክሏል፤ የልጇን ልቅሶ እንዳታለቅስ የተከለከለችም ብዙ ናት። በመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓመተ ምሕረት የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚዬም የዚያ ዘመን ፎቶግራፎችና አጽሞች ያሉበት ነው። ካላዩት አንድ ቅዳሜ ጎራ ይበሉ፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ፊቶች የእርስዎና የእኔ እኩዮች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህ ሰዎች ትግል ለእኛ ለወጣቶቹ፥ በተለይም ነገ በመንግሥት ጠረጴዛ ለምንቀመጠው፥ ከባድ ነገር ያስተምራል። ሰው ከመገደሉ በፊት በመጀመሪያ በዝርዝር ውስጥ ቁጥር ይሆናል፤ ያን ዝርዝር የሚመታው፥ የሚቆጥረው፥ የሚያስተላልፈው ደግሞ እንደ እኛ ያለ ደመወዝተኛ ነው። ከሞተም በኋላ ወደ ሰውነቱ የሚመለሰው አንድ መዝገብ ያዥ ዶሴውን ሳያቃጥል ስላኖረው፥ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ አቧራውን አራግፎ ስሙን ጮክ ብሎ ስላነበበው ነው። ነገ ከጠረጴዛችን ላይ የሚያርፈው ዝርዝር ምን ዓይነት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ስናነበው ከቁጥሩ ይልቅ ስሙን፥ ከስሙም ጋር ዕድሜውንና ሥራውን ማንበብ እንልመድ። በሉቢያንካ የተሰለፉት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።